ለግመል የዋለ ጥርስ

ጅግጅጋ ከቀትር በኋላ ታንቀላፋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ወንዱ ጫቱን ታቅፎ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ለጉዳይ የተፈለገ ሰው አይገኝም። ዴቅ በዚያ ሰዓት አይተኛም፤ ጫትም አይቅምም። ከሚሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከውስጥ ይቆልፋል፣ የማጉያ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ያስራል፤ ከዚያ የጣት አንጓ የሚያህል ትንሽ ሰው በግራ እጁ ይዞ፣ ሦስት ፀጉር ብቻ በቀራት ብሩሽ ዓይን ያወጣለታል።

ሥራው የጥርስ ቴክኒሽያንነት ነው። ዶክተር ደሬሳ ከፊት ባለው ክፍል የታካሚውን መንጋጋ ልክ ይወስዳል፤ ዴቅ ልኩ ላይ ጀሶ አፍስሶ ድዱን ያወጣል፣ ጥርሱን በሰም ይደረድራል፣ ቀጥሎ ሮዝ ዱቄት ሽታው አፍንጫ ከሚሰነጥቅ ፈሳሽ ጋር አቡክቶ ሻጋታ ውስጥ ይጨምርና ይቀቅለዋል። ሲወጣ ድድ መስሎ የጠነከረ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ደሬሳ ከነቀምት መጥቶ ክሊኒኩን ከከፈተ ጀምሮ እንደ ዴቅ ያለ የረጋ እጅ እንዳላየ ለሰው ሁሉ ይናገራል።

ያ የረጋ እጅ ሌላ ፍቅር የያዘው ቶጎጫሌ ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወደዚያች የድንበር ከተማ ለሌላ ጉዳይ ሄዶ፣ ከልባሽ ዕቃ ክምር መካከል አንድ የተቀደደ ካርቶን አገኘ። ውስጡ አርባ የሚሆኑ ግራጫ የፕላስቲክ ወታደሮችና አንድ መጽሔት ነበሩ። የመጽሔቱን ቋንቋ አላወቀውም። ሥዕሎቹ ግን ይናገሩ ነበር፤ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ልብሱ፣ ከዚያ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ጥላው፣ መጨረሻ ላይ ብርሃን የሚያርፍበት ጫፍ። ዴቅ ቤቱ ገብቶ የመጀመሪያውን ወታደር ሲቀባ ሦስት ሰዓት እንደ ሦስት ደቂቃ አለፈ። ግራጫው ነገር ዘወር ብሎ ያየው መሰለው። ከዚያ ወዲህ ያንን ቅጽበት ሲፈልግ ነው የኖረው።

የሚያውቅበት አንድ ሰው ዩኒስ ነው። ዩኒስ ኢንተርኔት ቤት አለው፤ እሱም ቢሆን ፊታቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ጦርነት እየተጫወተ የሚውል ነውና አልሳቀበትም። እንዲያውም ከየአገሩ እንደዚህ ዓይነት ትናንሽ ምስሎችን የሚቀቡ ሰዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበትን ገጽ የፈለገለት እሱ ነው። ሌላው ሰው ግን አያውቅም። ዴቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ እኩዮቹ የሁለትና የሦስት ልጅ አባት ናቸው። «ዴቅ አሻንጉሊት ይጫወታል» ቢባል በጅግጅጋ ገበያ እንዴት ያልፋል? እናቱም አንድ ቀን ሸሚዙን ልታጥብ ስትል ከኪሱ ሁለቱን አግኝታ፣ «ነፍስ ለማትሰጠው ነገር ለምን ዓይን ታወጣለታለህ?» ብላዋለች። «የአንድ ሰው ልጆች መጫወቻ ነው» ብሎ ዋሸ። ከዚያ በኋላ ዓይን ላይ ሲደርስ እጁ ትንሽ ቆም ይላል። ቆም ብሎ ግን ይቀጥላል።

በ2006 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከሐርተሼክ መጡ። ስማቸው ሳማታር ነው። ክንዳቸውን የያዘችው የመጨረሻ ልጃቸው ሳጋል ነበረች። ከላይኛው ድዳቸው አንድም ጥርስ የለም፤ ከታች ሦስት ቀርተዋል። ደሬሳ ልክ ሲወስድ ዴቅ በአስተርጓሚነት አጠገባቸው ቆመ።

«አዴር፣ ትንሽ አፍዎን ይክፈቱ» አላቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው።

ልኩ ተወስዶ አፋቸውን ከተጉመጠመጡ በኋላ ሽማግሌው እጁን ያዙት። «አዴር» አሉት እሳቸውም፤ በሶማሌ ወግ አጎትም የወንድም ልጁን በዚያው ቃል ነው መልሶ የሚጠራው። «ለሥጋ አይደለም ጥርስ የፈለግኩት። ሥጋውን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ይቺን ልጅ የካቲት ሲገባ ሐሙስ ቀን እድራታለሁ። ገበይ ገጥሜላታለሁ።»

ገበይ ሶማሌ ታላቅ ነገር ሲናገር የሚናገርበት ግጥም ነው። ስንኙ ሁሉ በአንድ ፊደል ነው የሚታሰረው፤ ገጣሚው አንዱን ድምፅ ከመረጠ እስከ መጨረሻው አይለቀውም። ሳማታር የመረጡት የልጃቸውን ስም መነሻ ነበር።

«ሁሉም በሰ ነው» አሉ። «አሁን ስማኝ።» አንዱን ስንኝ አሉለት። ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሳጋል፣ ሰማይ ሰጥቶኝ ስሰስትሽ የኖርኩ» እንደማለት ነው። ከባዶው ድድ የወጣው ግን ሰ አልነበረም፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ፉጨት ነበር። ሳጋል ወደ መስኮቱ ዞረች። ሽማግሌው ራሳቸው ፈገግ አሉ።

«ሰማኸው? በዚህ አፍ ሰው ፊት ልቆም አልችልም።»

«በአሥር ቀን ያልቃል፤ ኢንሻአላህ» አለ ዴቅ። ከልቡ ነበር። ሥራው ለሱ የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነው።

በዚያው ሳምንት ዩኒስ ጠራው። በዚያ በሚያዩት ገጽ ላይ ውድድር ተከፍቷል፤ ርዕሱ «ጉዞ» ነው፤ ማብቂያው የጥር መጨረሻ። ዴቅ እስከዚያ ቀን ድረስ የሌላ ሰው ወታደሮች ሲቀባ ነው የኖረው። ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አያቱ ያወሩለት የነበረው ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው የግመል ቅፍለት ዓይኑ ላይ ድቅን አለ። አሥራ አንድ ግመል፣ አራት ሰው፣ ሁለት ሴት፣ ከኋላ የሚያነክስ ውሻ። በሰም ቀረጸው። የግመሉን አንገት ቆልማማነት፣ የጉልበቱን ጠባሳ፣ ጭነቱ ላይ የተገለበጠውን የጎጆ እንጨት ሳይቀር አወጣው። እንደዚያ ያማረ ነገር በእጁ ሠርቶ አያውቅም ነበር።

ሰም ግን ይቀልጣል፤ የጅግጅጋ ሙቀት ባያቀልጠው እንኳን ፎቶ የሚነሳበት መብራት ያቀልጠዋል። መጠንከር ነበረበት። መደርደሪያው ላይ የቀረችው አንዲት ጣሳ ሮዝ ዱቄት ነበረች፤ ሁለት ወር እንድታደርስ የታሰበች። ዴቅ ክዳኗን ሲከፍት የሽማግሌውን ጥርስ አላሰበም ማለት ውሸት ይሆናል። አስቧል። «ሁለት ግመል ብቻ ላውጣ፣ የሚተርፈው ለሳቸው ይበቃል» ብሎ ነው ያሰበው። ሁለቱ ሲያምሩበት አራት ሆኑ። አንዱ እግሩ ተሰበረና እንደገና ተሠራ። በአምስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ የድድ ቀለም ያላቸው አሥራ አንድ ግመሎች ተሰልፈው ቆሙ፤ ጣሳዋ ደግሞ ስትገለበጥ አቧራ ብቻ የሚወጣት ሆነች።

ለደሬሳ «ዱቄት አልቋል» ማለት ነበረበት። ግን ሁለት ወር የሚያደርሰው ጣሳ የት ሄደ ይባላል? ነገ እነግረዋለሁ እያለ ቀኑ ነጎደ። ከሰዓት ከሰዓት በሩን ቆልፎ ግመሎቹን ይቀባል። የሳማታር የጀሶ ድድ ከፊት ለፊቱ መደርደሪያ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አንድ ቀን ጨርቅ አለበሰው፤ ከአቧራ ልከልለው በሚል።

በአሥረኛው ቀን ሽማግሌው መጡ። ከሐርተሼክ በጠዋት ሚኒባስ ተነስተው፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ከመሠረት ፊት ተቀምጠው ጠበቁ። መሠረት የክሊኒኩ ነርስም መዝጋቢም ናት። ዴቅ ወጥቶ ቆመ።

«አዴር፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ አልመጣም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚመጣው ሳምንት» አላቸው።

«ምን ይደረጋል» አሉ። «መንገድ ነው፤ መንገድ ያዘገያል።» ተነስተው ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ከፌስታል የግመል ወተት የሞላ ጀሪካን አውጥተው አስቀመጡለት። ወተቱን ለመሠረት ሰጣት። መጠጣት አልቻለም።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ዴቅ አፍ ማዘጊያ የሚሆን ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ጥርሱን በሰም ደርድሮ ለሙከራ አቆይቷል። ይህኛው ደረጃ እውነተኛ ነው፤ ማንኛውም ጥርስ ከመቀቀሉ በፊት በሰም ይለካል። አፋቸው ውስጥ አስገባላቸው፤ መስታወት ሰጣቸው። ሽማግሌው መስታወቱን አላዩም። ቀስ ብለው፣ ሰሙ እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ፣ «ሳጋል» አሉ።

«ሰ» ጥርት ብላ ወጣች።

እንደገና አሉት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሉት ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ ከዚያ ሳቁ። «አሁን ይዤው ልሂድ?» ሲሉ ጠየቁት፤ እንደ ሕፃን።

«ሰም ነው፣ አዴር። ሙቀት ይፈታዋል። ዕቃው ሲመጣ...»

«ገባኝ። ዕቃው ሲመጣ።» በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጡት። ዴቅ ወደ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። የዚያን ዕለት ከሰዓት አልቀባም ብሎ ለራሱ ማለ። ስምንት ሰዓት ላይ ከቅፍለቱ ሴቶች የአንዷን ልብስ ቀይ ጥለት እያወጣ ነበር። ደስታውም አልቀነሰም፤ ከሁሉ ያስፈራው ይሄ ነው። ብሩሹ ጨርቁን ሲነካ ሽማግሌው፣ ሰሙ፣ ውሸቱ፣ ሁሉም ይጠፋል። ብሩሹን ሲያስቀምጥ ሁሉም እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጥር ሲያልቅ የቅፍለቱ ፎቶ ተላከ። በማግስቱ ዴቅ ደሬሳ ዘንድ ሄዶ፣ «ዶክተር፣ ዱቄቱ እርጥበት ገብቶበት ተበላሽቷል» አለው። ደሬሳ ተበሳጨ፤ ግን በእርጥበቱ ነው የተበሳጨው፤ ወዲያው አዲስ አበባ ደወለ። ዕቃው በአውሮፕላን ተጭኖ የደረሰው ረቡዕ ቀትር ላይ ነው። ሐሙስ ሠርጉ ነው። ዴቅ ያን ቀን ከሰዓትም ማግስቱን ጠዋትም ቀና ሳይል ሠራ። ያጣደፈው ሥራ አይመስልም ነበር፤ ድዱ ላይ ደም ሥር የሚመስሉ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ሳይቀር አስገባበት። ስድስት ሰዓት ሲሆን አልቆ በውሃ በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ ገባ።

«ደውለን ቅዳሜ ይምጡ እንበላቸው?» አለች መሠረት።

«እኔ እወስደዋለሁ።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለፍተሻ ወረዱ። ዴቅ ብልቃጡን በሁለት እጁ ይዞ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ጎኑ የተቀመጠችው ሴት ምን እንደሆነ ስትጠይቀው መድኃኒት ነው አላት። ሐርተሼክ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሠርግ ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከሸራው ድንኳን ውጪ መኪናዎች ተደርድረዋል።

ከሰዉ ጀርባ ደርሶ ሲቆም ሳማታር ተነስተዋል። በትራቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል፤ ነጭ ኮፊያ አድርገዋል፣ ጢማቸው ሒና ተቀብቷል። ድንኳኑ ጸጥ አለ። የወንዱ ዘመዶች ከሽንሌ የመጡ ናቸው፤ የሽማግሌውን ስም በገበይ ሰምተውታል፤ ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። የመጀመሪያውን ስንኝ አሉ።

ፉጨት ነበር። የልጃቸው ስም ፉጨት ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ስንኝ በሰ ጀምሮ በሰ ሲያልቅ፣ ከኋላ ከወጣቶቹ መካከል አንዱ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ሦስተኛው ላይ ሳቁ አመለጠ፤ ትንሽ ሳቅ ናት፤ ግን ሁለት ሦስት ሌሎች ተከተሏት። አንድ ሽማግሌ ዞሮ ገሠጻቸው። ሳማታር ቆም አሉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። ከዚያ በተራ ቃል፣ ሰ በሌለበት አጭር ዱዓ ልጃቸውን መርቀው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ከሦስት ደቂቃ አልበለጠም። ዴቅ ብልቃጡን በእጁ ጨብጦ ቆሞ ነበር፤ አሥራ አምስት ሰው እየገፋ ወደ ፊት ቢሄድ ሊያቋርጣቸው ይችል ነበር፤ አልሄደም።

ሳጋልን ሲሸኟት ከመኪናው መስኮት ውስጥ በአሻጋሪ አያት። አታለቅስም ነበር። አባቷን ነበር የምታየው።

መኪናው አቧራውን አንስቶ ከሄደ በኋላ ሳማታር ዴቅን አዩት። ፊታቸው በራ። እጁን ይዘው ወደ ሽማግሌዎቹ መካከል ወሰዱት።

«ይህን ልጅ አያችሁት?» አሉ። «ዕቃው ዛሬ ደረሰለት፤ ሥራውን ጥሎ፣ ጥርሴን በእጁ ይዞ ከጅግጅጋ መጣ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው አለ?» ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጨበጡት፤ መረቁት። ከክብር ቦታ አስቀመጡት። የፍየሉ ጎድን ቀርቦ ሳማታር ራሳቸው ያማረውን እየመረጡ ከፊቱ አስቀመጡለት፤ እሳቸው መረቅ ነበር የሚጠጡት። ዴቅ በላ። አለመብላት ነውር ነበር።

«ጥርሱን ልሞክርልዎት?» አለ በመጨረሻ።

«ዛሬ ምን ያደርግልኛል» አሉ በቀስታ። «ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ። አንተ ብላ።»

በአራተኛው ቀን ዩኒስ በስልክ ጠራው። ቅፍለቱ ሁለተኛ ወጥቷል። ዩኒስ ወንበር ለቀቀለት፤ ዴቅ ቁጭ ብሎ አነበበ። ከማያውቀው አገር የማያውቃቸው ሰዎች የግመሎቹን አካሄድ፣ የሴቶቹን ድካም፣ የውሻውን እግር አወድሰዋል። ለሦስት ዓመት የተመኘው ነው። አንዱ ደግሞ፣ «ግመሎቹን ያወጣህበት ማቴሪያል ምንድን ነው? እንዲህ ጥርት ብሎ የሚወጣ አላገኘሁም» ብሎ ጠይቋል።

«መልስለት እንጂ» አለ ዩኒስ። «ምንድን ነው?»

ዴቅ ቁልፎቹ ላይ እጁን አሳረፈ። «የሰው ጥርስ ነው» አለ። ዩኒስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዴቅ ተነስቶ ወጣ።

ሁለት ሳምንት ቆይተው ሳማታር ክሊኒክ መጡ። ጥርሱ ከጎን በኩል ድዳቸውን ፈግፍጎታል። አጥርተው ነበር የሚናገሩት አሁን፤ መሠረትን ሰላም ሲሏት ተገርማ ቀና አለች። ዴቅ ወደ ጓዳው አስገባቸው፣ የሚፈገፍገውን ቦታ በመሣሪያ ሞርዶ አለሰለሰው፣ መልሶ አደረገላቸው።

«አሁንስ?»

«አሁን የራሴ ነው። አላህ እጅህን ይባርከው።»

ያኔ ነው ያልቻለው። ከጠረጴዛው ሥር የካርቶን ሣጥን ጎትቶ አወጣ፤ ቅፍለቱን ከተተከለበት ሰሌዳ ጋር ፊታቸው አስቀመጠ።

«አዴር፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ አልዘገየም። እዚሁ ነበር። እኔ ነኝ ለዚህ ያዋልኩት።»

ሳማታር ወዲያው አልገባቸውም። ዴቅ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጣሳዋን፣ ውድድሩን፣ ሁለቱን ውሸት፣ ለደሬሳ ያለውን ሦስተኛውን። ሲናገር ዓይናቸውን ማየት ስላልቻለ የፊተኛውን ግመል እያየ ነው የተናገረው።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። አንዱን ግመል በሁለት ጣት አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼን ሁሉ ለመሥራት ስንት ቀን ወሰደብህ?»

«አሥራ ዘጠኝ ከሰዓት።»

«የኔስ ጥርስ?»

«አንድ ቀን ተኩል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ግመሉን ወደ ቦታው መለሱት፤ በጥንቃቄ፣ እግሩ ቀዳዳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ። «ግመል ታውቃለህ» አሉ። «ይኼ አንገት ውሸት የለውም።» ዴቅ ቢጮሁበት ይመርጥ ነበር።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ» አሉ ቀጥለው። «ሰው ስቆብኝ ያውቃል። የኔን ፈንታ ትቼልሃለሁ። ገበይው ግን የኔ አልነበረም፤ ሰጥቼዋለሁ፤ የሳጋል ነው። እሱን ልተውልህ አልችልም።»

«ገበይውን በስልክ ብቀዳው፣ ብልክላት...»

«አይላክም። ሰው ፊት ነው የሚባለው፤ የባሏ ሰዎች ፊት። ልሄድ ነው ሽንሌ፣ በሚመጣው ወር። አንተም ትመጣለህ። ለኔ የነገርከኝን ለሷ ትነግራታለህ።»

ከመሄዱ በፊት ዴቅ ለደሬሳም ተናገረ። ደሬሳ መነፅሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገው። «ዱቄቱ አላናደደኝም» አለው። «እኔ ያንን ሽማግሌ በዚያች ወንበር ላይ አስቀምጬ 'ቴክኒሽያናችን ታማኝ ነው፣ ቃሉን ይጠብቃል' ብያቸዋለሁ። ያናደደኝ እሱ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓዳው ቁልፍ ደሬሳ ዘንድ ዋለ። መሠረት ደግሞ፣ ከቆሻሻው ቅርጫት ሮዝ የግመል እግር አግኝታ እንደነበር ነገረችው። «የማን እንደሆነ አላሰብኩም» አለች። «አለመጠየቄ ይቆጨኛል።» የሱ ጥፋት እሷ ዘንድ ድረስ መድረሱን ያኔ ነው ያወቀው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አብረው ተጓዙ። በሐረር አልፈው፣ ድሬዳዋ ወርደው፣ ከዚያ በሌላ መኪና ሽንሌ ገቡ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። የሳጋል ቤት ባቡር ካለፈበት ዓመታት ካስቆጠረው የድሮ ሐዲድ ብዙ አይርቅም። ባሏና ወንድሞቹ ሽማግሌውን በክብር ተቀበሉ። ዴቅ ሳጋልን ለብቻዋ ለማነጋገር አባቷን አስፈቅዶ፣ ከግቢው በር አጠገብ ካለችው የግራር ጥላ ሥር ቆመው ነገራት። አሳጥሮ አልነገራትም። አባቷ በሰሙ ጥርስ «ሳጋል» ብለው አጥርተው ያሉበትን ቀንም ነገራት፤ ሊዘለው አስቦ ነበር።

ሳጋል እስኪጨርስ ሰማችው። «የባሌ ታናሽ ወንድም» አለች፣ «ሲቀልድ ስሜን እንዴት እንደሚጠራኝ ታውቃለህ? እንደዚያ ቀን። እያፏጨ። ክፋት የለውም፤ ጨዋታ ነው የሚመስለው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠራኛል። ለዚህ ምን ታደርግልኛለህ?»

«ምንም» አለ።

«ምንም» አለች እሷም፤ ወደ ቤት ገባች።

ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ተነጥፎ አሥር የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። ሳማታር አልተቀመጡም። ሳጋል እጣቢ ውኃ ስትደፋ ነበር፤ ጠርተው ከፊታቸው አቆሟት። ገበይው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሰ በሰ ላይ እየተነባበረ፣ እያንዳንዱ እንደ ተሳለ ቢላዋ ጥርት እያለ ወጣ። መካከል ላይ አንድ ስንኝ ጠፋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉት፤ አላገኙትም፤ ዘለሉት። አዳማጮቹ በየስንኙ ማሳረፊያ «ሀየ» እያሉ ያበረታቱ ነበር። ታናሽ ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ የምንጣፉን ክር ይመዝዝ ነበር። ሳጋል ሻሿን ወደ አፏ ጎትታ ቆማ ሰማች።

ዴቅ ከደጃፉ ውጪ ሆኖ ነው የሰማው። መግባት እንደሚችል ሳማታር በእጃቸው ምልክት ሰጥተውታል፤ አልገባም። በሠርጉ ቀን በዚያ ድንኳን ውስጥ ሊሰማ የነበረው ይህ ነው እያለ እያንዳንዱን ስንኝ ቆጠረ። ያ ሁሉ ሰው እዚህ የለም፤ የሐርተሼክ ሽማግሌዎች የሉም፤ የሳቁት ልጆች አብዛኞቹ የሉም።

ሲያልቅ ሳጋል በፕላስቲክ ጣሳ ውኃ ይዛ ወደ ደጃፉ መጣች። «መንገዳችሁ ሩቅ ነው» አለች።

ጣሳውን ተቀብሎ ጠጣ። እሷ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።

«አባቴ ትቼልሃለሁ አሉህ?»

«የሳቸውን ፈንታ።»

«እኔ ገና ነኝ» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ የቀረ ሥራ እንዳለበት ሰው ነበር የተናገረችው። ጣሳውን ተቀብላ ተመለሰች። ዴቅ ሽማግሌውን ደግፎ መኪና ላይ አወጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ።